በእርሾ ፋንታ የመለስኩት ውሃ

ልጆቹ «ስለ ድሮው ግቢ ንገሪን» ማለት ከጀመሩ ሰነበቱ። እኔም የባቡሩን ነገር፣ የፋብሪካውን ጡሩምባ፣ ወንዙ ሞልቶ የሰው ፍየል የወሰደበትን ክረምት እያወራሁ ሳታልላቸው ኖርኩ። አንዱን ነገር ግን ሁልጊዜ እዘለው ነበር። የያዘችኝ የልጅ ልጄ ናት። ባለፈው ክረምት የትምህርት ቤት መጽሐፏን አቅፋ አጠገቤ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና፣

«እማዬ፣ እርሾ ውስጥ ስንት ነፍስ እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አንቺ ነው የሚሉኝ፤ እኔም አንቱታ አልፈልግባቸውም።

«ዝንብ ከገባበት አንድ» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «ተይ እንጂ! በዓይን የማይታዩ፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ናቸው። ደቂቅ ዘአካላት ይባላሉ። እንደ ጎረቤት ይረዳዳሉ፤ ይጣላሉም። ሌባም አላቸው።»

«ሌባው ደግሞ ምን ይሰርቃል?»

«ዱቄቱ እንዳለ አይበላላቸውም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ከሰውነታቸው አንድ ነገር እያወጡ ዱቄቱን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ስኳሩ ግን ውጪ ነው የሚቀረው፣ ሊጡ ውስጥ፤ የሁሉም ነው። ሌሎቹ ምንም ሳያወጡ ከተሠራው ይበላሉ።»

«እነዚያ ቢበዙስ?»

«እርሾው ይደክማል። ሁሉም ይራባሉ።»

ልጅቱ እያነበበች ቀጠለች፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ደቂቅ ያለችው ነገር ሌባ ካለው፣ እኔ ማን እንደነበርኩ ገባኝ። እንግዲህ ልጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው እንጂ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ወዲያ ወዲህ ብል አትፍረዱብኝ።

አቃቂ የመጣሁት በጃንሆይ ዘመን፣ ባሌን ተከትዬ ነው። እሱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ፈትል ክፍል ገባ። ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡና ጢሙ ላይ ጥጥ ይሰፍርበት ስለነበር ያለ ዕድሜው የሸበተ ይመስላል። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሽማግሌ መስሎኝ «አባቴ፣ ማንን ይፈልጋሉ?» ብዬዋለሁ። ይቺን እስኪሞት ድረስ ለሰው ሲያወራብኝ ኖረ።

የምንከራየው ከሐዲዱ ማዶ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ከተደረደሩ ሰባት ክፍሎች አንዱን ነበር። ማድቤቱ አንድ፣ ለሁላችንም። የግቢው ባለቤት ባላቸው ባቡር ላይ ሠርቶ ያረፈ አሮጊት ነበሩ፤ እማማ እንላቸው ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የሚፈሩ ሴት ናቸው። እኔን እንደ ልጃቸው ያዩኝ ነበርና ይሄም ሌላው ዕዳዬ ነው።

በማድቤቱ ጥግ፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ፣ አንገቱ የተሸረፈ ማሰሮ ተቀምጧል። የግቢው እርሾ እሱ ውስጥ ነው። በየቤቱ ለምን አታስቀምጡም ትሉ ይሆናል። ሁላችንም ጥቂት ሰው ነበርን፤ ባልና ሚስት፣ ቢበዛ አንድ ሕፃን። በሳምንት አንዴ ነው የምናቦካው። እርሾ ደግሞ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ይከረፋል። ሰባት ቤት በየተራ ሲያቦካበት ግን ሥራ አይፈታም፤ ሁልጊዜ እንደነቃ ነው። ስለዚህ እማማ ሥርዓት አወጡ፦ የምታቦካ ሴት ከማሰሮው አንድ ጣሳ ትወስዳለች። ሊጧ ሲቦካ ከላዩ ከሚጠለለው ብጫ ውሃ አንድ ጣሳ ትመልሳለች። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ማሰሮው ቁልፍ የለው፣ ክዳኑ የሰፌድ ቁራጭ ነው።

እኔ ነኝ ያጎደልኩት።

የፋብሪካው ወንደላጤዎች በየፈረቃው ሲወጡ እንጀራ የሚሸጥላቸው ይፈልጉ ነበር። ባሌ ጓደኞቹን አመጣልኝና በሳምንት አንዴ የማቦካው ሴትዮ በየቀኑ ማቡካት ጀመርኩ። ለዚህ አንድ ጣሳ አይበቃም፤ ሁለት እወስዳለሁ። መመለሱ ላይ ግን እጄ አልዘረጋ አለ። ከሊጤ ላይ የጠለለውን ለነገው ቡሃቃዬ ባደርገው ቶሎ ይቦካልኛል፤ ቶሎ ቢቦካልኝ ወንደላጤዎቹ ሌላ ዘንድ አይሄዱም። የመጀመሪያው ቀን «ነገ ሁለት እመልሳለሁ» ብዬ ጣሳዬን በውሃ ሞልቼ ደፋሁበት፣ ማሰሮው የጎደለ እንዳይመስል። ቀጥኖ እንዳይታወቅብኝም አንድ እፍኝ ዱቄት በጠበጥኩበት። ነገ ሲመጣ ሁለት አልመለስኩም። ከነገ ወዲያም አልመለስኩም። ሳምንት ሳይሞላኝ ውሃ መድፋቱ ፊት እንደመታጠብ ያለ የማለዳ ሥራዬ ሆነ።

የልጅ ልጄ ኋላ ስትነግረኝ፣ እርሾን ከብልሽት የሚጠብቀው መኮምጠጡ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ባዕዱን አያስገባም። ውሃ ሲበዛበት አጥሩ ይሳሳል ማለት ነው። እኔ ያን ጊዜ ይሄን አላውቅም። ስርቆት መሆኑን ግን አውቅ ነበር፤ ለዚያ መጽሐፍ አያስፈልግም።

በዚያው ሰሞን የዳሩ ክፍል ተከራይ መጣለት። ባልየው ባቡር ጣቢያ የጥጥ ጥቅል የሚያወርድ ወዛደር ነው፤ ሚስቱ ከጉራጌ አገር አብራው የመጣች፣ ቀጭን፣ ሰው ፊት የማትስቅ ሴት። ከእኔ የምታንሰው ቢበዛ በሦስት ዓመት ነው፤ ግን «እትዬ» እያለች በአንቱታ ነበር የምታናግረኝ። እማማ ሥርዓቱን ነገሯት፣ ጣሳዋን አሳየቻቸው፣ ገባች።

አንድ ማለዳ ውሃዬን ደፍቼ ክዳኑን ስመልስ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መቼ ገባሽ አንቺ?»

«አሁን።» አየችኝ አላየችኝም ከፊቷ ማወቅ አይቻልም። ተንበርክካ ማሰሮውን አሸተተችና የጣቷን ጫፍ ነክራ ቀመሰች። «ደክሞታል» አለች።

«ብርዱ ነው።»

«ይሆናል።» ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። «እኛ አገር ቆጮ ሲደክም ከበረታው ጉድጓድ እፍኝ አምጥተን እንጨምርበታለን። ይነሳል።»

«ይሄ ቆጮ አይደለም እህቴ» አልኳት፤ አነጋገሬ ከሚገባው በላይ ሳያስቀይማት አልቀረም። እሷ ግን ጣሳዋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ማሰሮው የሚገርም ነገር ሆነ። አንድ ቀን ይደክማል፣ በማግስቱ ይበረታል። እኔ ውሃ እደፋበታለሁ፣ እሱ ይነሳል። ምኑ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ሌባ ያልተያዘበትን ነገር አይጠይቅም።

ነገሩ የፈነዳው በመካኒኩ ሚስት ልጅ ክርስትና ነው። የመካኒኩ ሚስት የመሃለኛው ክፍል ጎረቤታችን ናት፤ ምላሷ ሹል፣ ልቧ ግን ክፉ አይደለም። ለክርስትናው አንድ ትልቅ ቡሃቃ ሙሉ አቦካች። ያቦካችበት ዕለት እኔ ሦስት ጣሳ ወስጄ ሦስት ጣሳ ውሃ የመለስኩበት ዕለት ነበር። ሊጧ ሦስት ቀን ሙሉ እንደተኛ ቀረ። እንግዳው በደጅ ተቀምጦ፣ ካህኑ ባርከው፣ የቀረበው አፍለኛ እንጀራ ነበር፤ ወፍራም፣ ድፍን።

«ሊጤ እንደ ሙሽራ ዓይኔን አልገልጥም አለኝ!» ብላ ሰው ፊት ለማሳቅ ሞከረች። እንግዳው ሲሄድ ግን ማድቤት ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወጣችና ሁላችንንም ጠራችን።

«እማማ፣ ይውጡልኝ! ዛሬ የማልናገር ከሆነ እፈነዳለሁ። እዚህ ማሰሮ ውስጥ የሚጨመር ነገር አለ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

በቃ ተያዝኩ አልኩ።

«ምን አየሽ?» አሉ እማማ፣ በርጩማቸውን እያስተካከሉ።

«የዳሯ ሴትዮ! ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ ከቀሚሷ ሥር ቅል አውጥታ ስታንደቀድቅበት አየኋት። ተራዋ አይደለም፣ አላቦካች፣ ምን ልትመልስ ነው?»

ሁላችንም ወደሷ ዞርን። እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«እውነት ነው?» አሏት እማማ።

«እውነት ነው፣ እማማ።»

«ምን ነበር ቅሉ ውስጥ?»

«እርሾ ነው።»

«ተራሽ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ማን አዘዘሽ?»

አንዴ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። ክስ አልነበረውም አስተያየቷ፤ መጠበቅ ነበረው። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ገባኝ። ማሰሮው ለምን እንደሚነሳ፣ እኔ ያጎደልኩትን ማን እየሞላው እንደነበር። «እኔ ነኝ፣ ውሃ ነው የምመልሰው» ብል ያልቅ ነበር። ቢበዛ ይሰድቡኛል፣ የመካኒኩ ሚስት ዓመት አታናግረኝም፣ ወንደላጤዎቹ ሌላ ዘንድ ይሄዳሉ። ይኸው ነው ሙሉ ዋጋው።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? ማለዳ ማለዳ እዚህ የማትጠፊው አንቺ ነሽ። ምን አየሽ?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ» አልኩ። አፌ እዚያ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። አልቆመም። «ብቻ እጇ ቆጮ የለመደ ነው። የእኛ እርሾ ላይስማማው ይችላል።»

«አላልኳችሁም!» አለች የመካኒኩ ሚስት።

ከዚያ ሌሎቹም አንድ አንድ አሉ። አንዷ «ሽታውም ተለውጧል» አለች፤ አንዷ «እሷ ከመጣች ወዲህ ነው» አለች። እርሾ የማያቦካ እጅ አለ ብለን እናምን ነበር እኮ፤ አንዳንዷ ብትነካው ሊጥ ይሞታል ይባላል። እናቶቻችንም እንደዚያ ነግረውናል። እኔ ግን እምነቴ አልነበረም ያናገረኝ። ሌሎቹ ተሳሳቱ፤ እኔ እያወቅሁ ነው።

«እንግዲህ ልጄ» አሏት እማማ፣ ቃሉ ከብዷቸው፣ «ግቢውን አልነሳሽም፤ ኑሪ። ማሰሮውን ግን ከዛሬ ጀምሮ አትንኪ። ለብቻሽ አቡኪ።»

«እሺ፣ እማማ» አለች። ወደ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ማሰሮ አትንኪ የተባለች ሴት በግቢ ውስጥ ምን ይቀርላታል? ስታልፍ ክዳን ይከደናል። ልጆች ከእጇ ቆሎ እንዳይቀበሉ ይነገራቸዋል። መስቀል ሲደርስ ክትፎ ሠርታ ግቢውን ልትጠራ ቀደም ብላ ቃል ገብታልን ነበር፤ ቅቤውን ያጠራቀመችበትን ቅል ሁላችንም አይተናል። መስቀል ሳይደርስ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ወጡ። ወደ በሰቃ በኩል ነው የሄዱት ተባለ። ስትወጣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ፤ ሥራ እንደያዘው ሰው ምንም የሌለበትን ወንፊት እየነፋሁ። በሬ ላይ መጥታ «ደህና ይሰንብቱ፣ እትዬ» አለች። «ደህና ሁኚ» አልኩ፣ ወንፊቱን እያየሁ።

ከዚያስ ውሃውን ተውሽ? ትሉኛላችሁ። አልተውኩም። ያበጀሁትን ሰበብ ልንገራችሁና እፈሩልኝ። አሁን እውነተኛ እርሾ ብመልስ ማሰሮው ይሻሻላል፤ ቢሻሻል «እሷ ስትሄድ ዳነ» ይላሉ፣ ስሟን ይባስ አጠፋዋለሁ። ለእሷ ያዘንኩ መስሎኝ ነው እንግዲህ ውሃ የደፋሁት!

ማሰሮው ሁለት ሳምንት አልቆየም። የሚሞላለት እጅ የለማ። መጀመሪያ ሽታው እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆነ፤ ከዚያ ላዩ ላይ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ በቀለ። የሁላችንም ሊጥ ተኛ። የእኔም ቡሃቃ አብሮ ተኛ፤ በየጊዜው ከማሰሮው እጨምርበት ነበርና የማሰሮው ብልሽት ወደ እሱም ገባ። ወንደላጤዎቹ ከፋብሪካው በር ላይ እንጀራዬን ከፍ አድርገው ለጓዶቻቸው ያሳዩ ነበር።

«ይሄ ከየትኛው ክፍል ነው የወጣው?»

«ከሽመና ነው! ቀለም ብቻ ነው የቀረው።»

«ኧረ እትዬ፣ ይሄን ለኮት ገበር ያድርጉት።»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። የመካኒኩ ሚስት ግን «ከሄደችም በኋላ እጇ ይሠራል፣ አያችሁ?» እያለች ትዞር ነበር።

እማማ አንድ ቀን ማሰሮውን ራሳቸው ተሸክመው አወጡና ደፉት። በፈላ ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ አዋሉት። በማግስቱ ከምሳ በኋላ እንስራ በነጠላቸው ሸፍነው ከግቢ ወጡ። ፀሐይዋ ስታዘቅዝቅ ተመለሱ፤ እግራቸው አቧራ በአቧራ ሆኖ። የያዙትን ወደ ማሰሮው ገለበጡ። ሁላችንም ተሰብስበን አየን፤ ብጫ፣ ጥርት ያለ፣ ላዩ ላይ አረፋው የሚንቀሳቀስ።

«ከየት አመጡት፣ እማማ?»

«ከሰው ቤት።»

የመካኒኩ ሚስት ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ይሄ ነው እርሾ!» አለች። «የጨዋ ሰው እጅ ያስታውቃል።»

እማማ ክዳኑን መለሱና «አንድ የወሰደ አንድ ይመልስ» ብለው ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ወስጄ ሁለት መለስኩ። አንድም ሰው አላየኝም፤ አንድም ሰው አላመሰገነኝም፤ ደግሞም አይገባኝም። ለወንደላጤዎቹ መሸጡን ተውኩ፤ ባሌ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ወገቤን አመመኝ አልኩት። ከግቢው ስንወጣ ከማሰሮው አንድ ጣሳ ይዤ ወጣሁ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት ከዚያች ጣሳ በተነሳ ሊጥ ነው፤ ጎረቤትም ሲለምነኝ ሰጥቻለሁ።

ያቺን ሴት አንድ ጊዜ አግኝቻታለሁ። ሐዲዱ ላይ ባቡር እስኪያልፍ ሰው ቆሟል። ልጅ አዝላ በወዲያኛው በኩል ቆማለች። በፉርጎዎቹ ክፍተት ውስጥ አየችኝና አንገቷን ጎንበስ አደረገች፣ ሰላምታ። ባቡሩ ረጅም ነበር። አልፎ ሲያልቅ ወደ ሳሪስ የሚወስደውን መንገድ ይዤ ሄድኩ፤ ሳሪስ ጉዳይ አልነበረኝም።

ብዙ ዓመት አለፈ። ጃንሆይ ወርደው፣ ባሌ ጡረታ ወጥቶ፣ ልጆቼም ልጅ ወልደው ነበር። እማማ አልጋ ላይ መዋላቸውን ሰማሁና ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። እጄን ያዙና የድሮውን ግቢ አንድ በአንድ አነሱ፤ ማን ሞተ፣ ማን የት ገባ። ወሬው ማሰሮው ላይ ሲደርስ ልነግራቸው ፈለግሁ። አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«የዳሯ ልጅ ትዝ ትልሻለች? ያን ጊዜ እርሾውን ያመጣሁት ከእሷ ነው። በሰቃ ድረስ በእግሬ ሄጄ። ግቢውን ስትለቅ ጥላው የሄደችውን የእርሾ ቅል አሽትቼው ነበር፤ ደህና እርሾ ነበር። ለሰው ግን አልተናገርኩም፤ ፈረድኩባት ብዬ አፈርኩ።»

«ምን አለችዎት?» አልኩ።

«ምን ትላለች። አስገባችኝ፣ እግሬን አጠበችልኝ። ስለሁላችሁም ጠየቀችኝ፤ ‹እትዬ ደህና ናቸው?› ብላ አንቺንም ለይታ ጠየቀችኝ። ከዚያ እንስራዬን እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችኝ። በር ላይ ስትሸኘኝ ግን አንድ ነገር አስማለችኝ። ‹ከማን እንደሆነ አይንገሯቸው፣ እማማ› አለችኝ። ‹ካወቁ ይደፉታል።›»